አስራ ዘጠኝ አንዶች

መስታወቱ በረገፈው በሰባተኛ «ለ» መስኮት
ተረተሩ ይታየናል፣ የነፋስ ማማ ቆሞበት፤
ነጫጭ፣ ቀጫጭን፣ ረጃጅም፣ ጎን ለጎን ተሰልፈው፣
የአዳማን አቧራ ለሦስት ክንፋቸው አከፋፍለው።

መምህር እንዳሻው በስድስተኛው ክፍለ ጊዜ፣ እንቅልፍ በመጣብን ሰዓት፣
«ቁጠሩ» አሉን ወደ ውጭ። ቆጠርን። አስራ ዘጠኝ በአንድነት።
«ማማ አትበሏቸው እንግዲህ፤ እያንዳንዱ አንድ ይባል» ብለው
ሰሌዳው ላይ ተከሏቸው፣ በጠመኔ አጠጋግተው፦

1111111111111111111

ስሙን ልንጠራ ሞከርን። ቢሊዮን አልን።
«ቢሊዮንን ቢሊዮን ጊዜ ደርድሩት፤ ገና አልደረሳችሁም» አሉን።
«ከአንድና ከራሱ በቀር ሳያስተርፍ የሚያካፍለው ካገኛችሁ
ደብተሬን እሰጣችኋለሁ፤ ውጤታችሁን ራሳችሁ ትሞላላችሁ።»

ቡልቱም አመናቸው።
ከአባቴ ሱቅ፣ ከፍራንኮ፣ የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት
እየቀደደ ወሰደ፤ ውስጡ ንጹሕ፣ ውጩ ዱቄት።
ለሦስት አካፈለው፤ አንድ ተረፈ።
ለሰባት፤ አንድ ተረፈ።
ለአስራ አንድ፣ ለአስራ ሦስት፤ አሁንም አንድ።
ለአስራ ሰባት ዘጠኝ ቢተርፍ ደስ አለው፣ ተለወጠ ብሎ፤
ለአስራ ዘጠኝ ሞከረው፤ ያው አንድ መጣ ተንከባሎ።
«ሳይጠሩት የመጣ እንግዳ» አለኝ እጁን እያራገፈ፣
«ማዕዱ ቢነሳ አይነሳም፤ ሁሉ ሄዶ እሱ ተረፈ።»

አንዱን ማማ ንቀሉትማ! አስራ ስምንት ይሁን፤
ሦስትም ሰባትም ይገባል፣ አስራ ሦስትም ይወስዳል ድርሻውን።
ሌላም ንቀሉ። አስራ ሰባቱ ጎበዝ መስለው ይቆማሉ፣
ግን ሁለት ሚሊዮን ሰባ አንድ ሺህ ሰባት መቶ ሃያ ሦስት ቦታ
እኩል ይሰነጠቃሉ።
ጨምሩ እሺ፣ ሃያ አድርጉት፤
አስራ አንድ ሰተት ብሎ ይገባል፣ በሩን እንኳ ሳታንኳኩት።

ሲፈን ግን አላካፈለችም። እርሳሷን እያኘከች አሰበች።
«እስከ ቢሊዮን ማለፍ አለብህ» አለችው፣ ክረምት ሊገባ ሲል፣
«ብቸኛ ቁጥሮቹን ብቻ ብትመርጥ እንኳ
ሃምሳ ሚሊዮን ያልፋሉ። በደቂቃ አንድ ብትሠራ፣
ሳትተኛ፣ ሳትበላ፣ መቶ ዓመትህ አልቆ ትርፍ ትሠራለህ።»
ቡልቱም ዝም። ዝናብ ቆርቆሮውን ደበደበው።
በሳምንቱ ተመለሰች። ዓይኗ አብጧል።
«ሁሉ በር አይንኳኳም። ለሠላሳ ስምንት ሲካፈል
አንድ የሚያስተርፈውን ብቻ ሞክር፤ ሌላው ሊከፍተው አይችልም።
አንድ መቶ ዘጠና አንድን። ከዚያ ሁለት መቶ ሃያ ዘጠኝን። እንዲህ እያልክ።»
መቶው ዓመት ወደ ስድስት ወረደ።
«ስድስት ዓመት?» ሳቀ ቡልቱም፣ «ከባጃጅ ዕዳ አይበልጥማ!»
(ያኔ ባጃጅ አልነበረውም። ዕዳም።)

መስከረም ላይ ከረጢቱን በማዳበሪያ አዝሎ መጣ፤
መምህር እንዳሻው አዩት፣ ወረቀቱ አንድ በአንድ ሲወጣ።
መነጽራቸውን አወለቁ። «አይካፈልም» አሉ። «ብቸኛ ነው።
ድሮም አውቅ ነበር።»
«ታዲያ ለምን አልነገሩንም?»
«ብነግርህማ ታምነኝ ነበር።»

አባቴ ሲያርፍ ሱቁን ለሦስት ተካፈልን።
አንድ ሚዛን ተረፈ። እስከ ዛሬ ማንም አልወሰደውም።
ሲፈን የት እንዳለች አላውቅም።
ቡልቱም ባጃጁ ጀርባ ላይ አስራ ዘጠኝ ነጭ መስመር ቀብቷል፤
ትራፊኮቹ «ምንድነው?» ይሉታል። «ስሜ ነው» ይላቸዋል።

ትናንት ከሱቁ በር ቆሜ፣ ነፋስ ከዳር ዳር ሲነሳ፣
ብቆጥር አስራ ስምንት ሆነብኝ። ልቤ ተነሳ።
ደገምኩ። አስራ ስምንት። ደንበኛዬ ሃያ ከረጢት ይጠይቃል፤
«ቆይ» አልኩት። ሦስትም ሰባትም ሊገቡበት ነው፣ እሱ ምን ያውቃል።
አቧራው እስኪያልፍ
ሚዛኑ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ።